የድንጋይ መስቀል፦ ደጅ ይቁም ወይስ ቤት ይግባ?

አየርላንድ ውስጥ 1,000 ዓመት ያለፋቸው የድንጋይ መስቀሎች አሉ። ሁለቱን ላወዳድር።

ሞናስተርቦይስ በተባለ ጥንታዊ ገዳም የሚገኘው የሙይሬዳክ መስቀል ዛሬም ደጅ ነው፣ መቃብሮች መሃል። ቁመቱ 5 ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ጎንበስ ብላችሁ ግርጌውን ስታዩ ሁለት ድመቶች ተቀርጸዋል። እዚያው መስቀሉን ላሠራው ለሙይሬዳክ ጸልዩለት የሚል ጽሑፍ አለ። ፀሐይ በጎን ሲመታው ምስሎቹ ነፍስ የዘሩ ይመስላሉ። ግን ነገሩ አሸዋማ ድንጋይ ነው። ዝናብና ውርጭ ቀስ በቀስ ይበሉታል።

ሻነን ወንዝ ዳር ያለው ሌላው ጥንታዊ ገዳም፣ ክሎንማክኖይዝ፣ ሌላ መንገድ መረጠ። ትልቁን መስቀል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጣሪያ ሥር አስገቡት፤ በቦታው ቅጂ አቆሙ። ነፋሱና ከፊቱ የነበረው ቤተ ክርስቲያን ቀሩበት። ቅርጹ ግን ተረፈ።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የተፋቀ ፊት አይመለስም። ቅጂ ግን ሁልጊዜ ይሠራል።

የመንገድ ዳር መስቀል ከሆነ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ። እንግሊዝ አገር ዳርትሙር በተባለ ገላጣ ደጋ ላይ ያሉት ለመንገደኛ አቅጣጫ ያሳዩ ነበር። ከመንገዱ ከተነሱ ትርጉማቸው ይጠፋል። ደግሞም ግራናይት ናቸው፣ ብርዱን ይችሉታል። ብዙዎቹ በሕግ የተመዘገቡ ስለሆኑ ያለ ፈቃድ መነካካት ያስከስሳል።