ጉድዶላር፦ በየቀኑ በነጻ የሚሰጠው ኮይን ሐዋሳ ላይ ምን ይገዛል?

ቴሌግራም ላይ «በየቀኑ ነጻ ዶላር» የሚለውን አይቶ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ልጻፈው ብዬ ነው። መጀመሪያ ነገር ዶላር አይደለም፣ ስሙ ነው ዶላር የሚለው። ጉድዶላር የራሱ ኮይን ነው፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ብቻ ያለ ዲጂታል ገንዘብ፣ ኢቶሮ የሚባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት ደግፎት በፈረንጆቹ 2020 ላይ የወጣ፣ ሀሳቡም ለፈለገው ሰው ሁሉ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ገቢ መስጠት ነው።

አሰራሩን በጣም ወድጄዋለሁ፣ እውነቴን ነው። ቀበሌ ሄዶ መሰለፍ የለ፣ ኮሚቴ ተሰብስቦ «ይሄ ደሃ ነው ያኛው አይደለም» ማለት የለ፣ ስማርት ኮንትራክቱ (ሰው ሳይነካው በራሱ የሚሰራ ውል በሉት) ላይ የተጻፈው ኮድ ነው የቀኑን ድርሻ ለሚወስዱት ሰዎች እኩል የሚያካፍለው። ዳኛ የሌለው እቁብ በሉት፣ አንተ ግን ምንም አትጥልም። ቀኑ የሚታደሰው በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው፣ ገብተህ ትነካዋለህ በቃ ገባልህ፣ ከረሳህ ደግሞ የትናንቱ አይጠራቀምልህም።

አንድ ሰው አስር አካውንት እንዳይከፍት ፊትህን አይቶ ነው የሚያረጋግጠው። ካሜራው ፊትህን እንቁላል መሳይ ክብ ውስጥ አስገባ ይልሃል፣ ከዛ ደግሞ ጠጋ በል ይልሃል፣ ታናሽ እህቴ አይታኝ «ስልኩን ልትስመው ነው እንዴ?» ብላ ስቃብኛለች። ደህና ብርሃን ያለበት ቦታ አድርጉት። መታወቂያ ምናምን አይጠይቅም፣ ኮይኑን ሴሎ በሚባለው ብሎክቼይን (ዝውውሩ ሁሉ ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚጻፍበት የጋራ መዝገብ) ላይ ለማንቀሳቀስ የምትከፈለዋን ትንሽ ክፍያም ራሱ ይሸፍንልሃል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፣ ገንዘቡ። የቀን ድርሻህ በዶላር ሲሰላ የሳንቲም ጉዳይ ነው፣ ፒያሳ ቁጭ ብለህ አንድ ማኪያቶ ለመጠጣት በጣም ታጋሽ መሆን አለብህ። ምክንያቱም ከኮይኑ ጀርባ ያለው መጠባበቂያ፣ ማለትም ለኮይኑ ዋጋ የሚሰጠው የተቀመጠ ገንዘብ፣ ትንሽ ነው፣ ተካፋዩ ደግሞ ብዙ ነው፣ ኮዱ ኮይን ማተም ይችላል ዋጋ ማተም ግን አይችልም። ስማርት ኮንትራክት ድህነትን ያጠፋል የሚሉት ሰዎች እዚች ጋር ሲደርሱ ነው ዝም የሚሉት። በዛ ላይ ታህሳስ 2016 ላይ (በፈረንጆቹ 2023 መሆኑ ነው) ኮንትራክቱ ላይ ቀዳዳ ተገኝቶ መጠባበቂያው ተዘርፏል፣ ሰው አልነካውም ማለት ሌባ አይነካውም ማለት አይደለም።

ወደ ብር መቀየሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ብሔራዊ ባንክ በፈረንጆቹ 2022 በክሪፕቶ (እንደዚህ ባሉ ዲጂታል ገንዘቦች) መገበያየት አይፈቀድም ብሎ አስጠንቅቋል፣ ስለዚህ በህጋዊ መንገድ ቴሌብር ላይ አውርደህ የምትጠቀምበት ነገር አይደለም። አሞራ ገደል አሳ የምትሸጥልኝን ሴትዮ ለቀልድ «በኮይን ልክፈልሽ?» ብላት «ቀይረህ ብሩን ይዘህ ና የኔ ልጅ» አለችኝ፣ ሌላ ምን ትበል።

ብሎክቼይን በተግባር ምን እንደሚመስል ኪሱን ሳይነካ ማየት ለሚፈልግ ተማሪ ከ5 4 እሰጠዋለሁ፣ ለገቢ ብሎ ለሚገባ ሰው ግን 1፣ እሷንም አዝኜ ነው። እና ላስመዝግብህ ብሎ ብር የሚጠይቅህ ካለ እንዳትሰማው፣ ምዝገባው ነጻ ነው፣ ኮይንህ የሚቀመጥበትን የዋሌትህን (የዲጂታል ቦርሳህን) ሚስጥር ቃላትም ለማንም እንዳትሰጥ።