እጅ ያጣው ባለ እጅ፦ «ያጋ» የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ

በአማርኛ ብረት ቀጥቅጦ የሚያድረውን ሰው «ባለ እጅ» እንለዋለን። «ያጋ» የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ዋና ባለታሪክ ኢቫን ደግሞ ባለ እጅ ሆኖ ሳለ አንድ እጅ ብቻ የቀረው ሰው ነው። ጨዋታውን የሠሩት ሩማንያውያን ይህን የቃላት ግጥምጥሞሽ አስበውት ሊሆን አይችልም፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ትዕይንት እስከ መጨረሻው ከአእምሮዬ ላወጣው አልቻልኩም። ብሬድክራምብስ ኢንተራክቲቭ የተባለ አነስተኛ ስቱዲዮ ሠርቶት በቨርሰስ ኢቭል አሳታሚነት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 ለገበያ የቀረበው ይህ ጨዋታ፣ ውጊያንና የባለታሪኩን የባሕርይ ዕድገት አጣምሮ ከሚይዘው፣ በተጫዋቾች ዘንድ «አክሽን አርፒጂ» ከሚባለው ወገን ነው። ሩማንያ ቋንቋዋ ከላቲን የሚወለድ ቢሆንም ከጎረቤቶቿ በርካቶቹ ስላቮች (ሩሲያውያንንና ቡልጋሪያውያንን የሚያካትተው የሕዝቦች ወገን) በመሆናቸው፣ ጨዋታው የተነሣበትን የስላቭ ተረት እንደ ሩቅ ሰው ሳይሆን እንደ ጎረቤት ታውቀዋለች፤ ይህ ቅርበት በጨዋታው ውስጥ በግልጽ ይታያል።

ጨዋታውን ለመመዘን አስቀድሞ ተረቱን ማወቅ ይጠቅማል። አሌክሳንደር አፋናስዬቭ እ.ኤ.አ. ከ1855 እስከ 1863 ባሉት ዓመታት አሰባስቦ ካሳተማቸው የሩሲያ ተረቶች መካከል ባለ አንድ ዓይኗ ሊኾ የምትባል ክፉ ፍጡር ያለችበት አንድ ተረት ይገኛል። ኑሮው የደላው አንድ አንጥረኛ «ክፉ ነገር ክፉ ነገር ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔ ግን አይቼው አላውቅም» ይልና ሊፈልገው ይነሣል፤ በመንገድም አንድ ልብስ ሰፊ ያገኝና አብረው ይጓዛሉ። ከጫካ ውስጥ ካገኙት ጎጆ ሲገቡ ረጅም፣ ከሲታ፣ አንድ ዓይና ሴት ትመጣባቸዋለች፤ ልብስ ሰፊውን አርዳ ትበላዋለች። አንጥረኛው ብረት መሥራት እንደሚችል ሲነግራት ሌላ ዓይን እንዲሠራላት ትጠይቀዋለች፤ እሱም በገመድ ያስራትና የጋለ ብረት በደህናው ዓይኗ ውስጥ ይሰዳል። በማግሥቱ የለበሰውን የበግ ሌጦ ገልብጦ ከበጎቿ መካከል በአራት እግሩ እየዳኸ ያመልጣል። ተረቱ በዚህ ቢያልቅ የብልህ ሰው ተረት በሆነ ነበር፤ አንጥረኛው ግን በጫካው ውስጥ ከዛፍ ላይ የተሰካ እጀታው የወርቅ የሆነ ምሳር ያይና ይመኘዋል። ሲጨብጠው እጁ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሊኾ ከኋላው እየደረሰችበት ስለነበር በገዛ ቢላዋው እጁን ቆርጦ ይሸሻል። ወደ መንደሩ ተመልሶም «ክፉን ይኸው አየሁት» እያለ ጉንድሹን ያሳያል።

ኢቫንን ያየ ሰው ከየት እንደመጣ ወዲያው ይገባዋል። ጨዋታው ይህን ተረት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይተርክም፤ ይልቁንም ተረቱ ካቆመበት ይነሣና እጁን ጥሎ የተመለሰው ሰው ከዚያ በኋላ እንዴት ይኖራል ብሎ ይጠይቃል። እንደ እኔ አስተያየት ከተረት ተነሥተው ከተሠሩ ብዙ ጨዋታዎች የሚለየውም ይኸው ነው። አብዛኞቹ ከተረቱ ቀይ ቆብ፣ ተኩላ ወይም ግንብ ይወስዱና ሥርዓቱን ከሌላ ጨዋታ ይገለብጣሉ፤ «ያጋ» ግን የተረቱን ሕግ ራሱን ወስዶ የጨዋታው ሕግ አድርጎታል።

ኢቫን ገደ ቢስ ነው። ዛሩ፣ ማለትም ንጉሡ፣ ይህን ሰው ሊፈጸም ወደማይችል ተልእኮ ይልከዋል፤ በሩሲያ ተረት «ወዴት እንደሆነ ወደማላውቀው ሂድ፤ ምን እንደሆነ የማላውቀውን አምጣ» የሚል የታወቀ ትእዛዝ አለና የዚህ ዛር ትእዛዞችም ከዚያው መንፈስ የተቀዱ ናቸው። አያቱ በበኩሏ የዛሩ ጉዳይ ብዙም አያስጨንቃትም፤ የእሷ ጭንቀት የልጅ ልጇ ሚስት ሳያገባ መቅረቱ ነው። የአንድን አገር ዕጣ የሚወስን ጉዞና የአንዲት አሮጊት የሠርግ ጉጉት በእኩል ክብደት ጎን ለጎን ሲቀርቡ ማየት እጅግ ያዝናናል፤ ቤተሰብ ያለው ሁሉ ይህችን አያት ያውቃታል። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ከጨለማው ደን ሆና ባባ ያጋ ትመለከታለች። ለማያውቃት አንባቢ ባባ ያጋ በዶሮ እግር ላይ በቆመ ጎጆ የምትኖር፣ በሙቀጫ ውስጥ ተቀምጣ በዘነዘና እየቀዘፈች የምትበር፣ ያለፈችበትንም ዱካ በመጥረጊያ የምታጠፋ ጠንቋይ ናት። አንዳንዴ ሰው ትበላለች፣ አንዳንዴ ደግሞ መንገድ የጠፋበትን ትረዳለች፤ የትኛውን እንደምታደርግ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም፣ ጨዋታውም ይህን ጥርጣሬ በሚገባ ጠብቆታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በስክሪኑ ላይ ከጤና መለኪያው ሌላ የክፉ ዕድል መለኪያ አለ። ኢቫን ምትሃታዊ ኃይል ያላቸውን ነገሮች ሲጠቀምና ከራሱ አቅም በላይ በሆነ በረከት ሲታገዝ መለኪያው ይሞላል፤ ሞልቶ ሲፈስ መዓቱ ይወርዳል። መሣሪያው ሊሰበር ይችላል፣ ገንዘቡም ሊጠፋ ይችላል፤ ከብዙ ድካም በኋላ ያገኘውን ነገር ጨዋታው ከእጁ ይነጥቀዋል። በሌሎች ጨዋታዎች ተጫዋቹ እያደር ይከብራል፤ ትናንት ያገኘው ሰይፍ ዛሬ ካገኘው ያንሳል፣ የዛሬውም ከነገው ያንሳል፣ መንገዱ ሁሉ ዳገት ብቻ ነው። እዚህ ግን ሀብት ማካበት ራሱ ያስፈራል። በአንድ ረግረጋማ ስፍራ በጠላት ተከብቤ ሳለ መለኪያው ሊሞላ ጥቂት እንደቀረው እያየሁ ክታቡን ልጠቀም ወይስ ቆስዬ ልለፍ እያልኩ ያመነታሁበትን ቅጽበት አልረሳውም። ተጠቀምኩ፤ ከበባውንም ሰበርኩ፤ ወዲያው ግን ከየስፍራው በለቀምኩት ብረትና ክታብ የቀጠቀጥኩት መዶሻ ከእጄ ወጣ። «ዛሬ ጠዋት የማንን ፊት አይቼ ነው የወጣሁት» ማለት አማረኝ። ተናደድኩ፤ ይሁን እንጂ ንዴቱ በጨዋታው ላይ ሳይሆን በሊኾ ላይ ነበረ፣ ለአንድ የጨዋታ ደራሲ ከዚህ የሚበልጥ ስኬት የለም።

ይህ ሥርዓት የሚሠራው ኢቫን አንጥረኛ በመሆኑ ጭምር ነው። የጠፋውን መዶሻ የሚተካው ከገበያ በመግዛት ብቻ አይደለም፤ መስፉ ጋ ቆሞ ራሱ ይቀጠቅጠዋል። በጉዞው ያገኛቸውን ቅርፃቸውና ጠባያቸው እንግዳ የሆኑ ክታቦችና ቁርጥራጮች ከብረት ጋር ሲያዋህድ ከቀድሞው የተለየ ጠባይ ያለው መሣሪያ ይወጣል፤ በጎደለው እጁ ምትክም ልዩ ልዩ መሣሪያ እየቀያየረ ይገጥማል። ስለዚህ መዓት በወረደ ቁጥር ተጫዋቹ ያጣውን መልሶ ከማግኘት ይልቅ ሌላ ነገር ለመሞከር ይገደዳል። ጠባዬን ስለማውቅ እላለሁ፤ መዶሻው ባይሰበር ኖሮ ከመጀመሪያው ቀን መሣሪያ ጋር እስከ መጨረሻው በኖርኩ ነበር።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። በእኛም አገር ብረት ቀጥቃጭ ማረሻውንና ምሳሩን ሠርቶ መንደሩን እያኖረ፣ በአንጻሩ ግን «ቡዳ ነው» እየተባለ ሲሸሽና ከጋብቻ ሲገለል ኖሯል። ኢቫንም ሁሉም የሚፈልገው፣ ማንም ግን አብሮት መቆየት የማይሻው ሰው ነው። ለጨዋታው ደራሲያን ይህ የስላቭ ተረት እንጂ የሐበሻ ታሪክ አይደለም፤ ለሐበሻ ተጫዋች ግን የኢቫን ብቸኝነት ማብራሪያ የማይፈልግበት ምክንያት አለው።

ከሰዎች ጋር የሚደረገው ንግግር የጨዋታው ሁለተኛ ጥንካሬ ነው። በየውይይቱ ኢቫን በቅንነት፣ በቁጣ ወይም በጅልነት ሊመልስ ይችላል፤ የመለሰው መልስም ባሕርዩን ቀስ በቀስ ይቀርጸዋል፣ በዙሪያው ያለውን ዓለምና የታሪኩን አካሄድም ይለውጣል። በተለይ የጅልነቱን መንገድ አለመሞከር ኪሳራ ነው እላለሁ። በስላቭ ተረት ውስጥ ሦስተኛው ወንድም ብዙ ጊዜ ሞኝ ነው፤ ብልሆቹ ታላላቆቹ የወደቁበትን እሱ ሳያውቀው ያልፈዋል። ጨዋታው ይህንን ስለሚያውቅ የሞኝ መልስ የሰጠን ሰው በመሳቂያነት ብቻ አያስቀረውም፤ ለብልሁ ያልተከፈተ በር አንዳንድ ጊዜ ለሞኙ ይከፈታል።

ውጊያው ግን ከዚህ ከፍታ ላይ አይደርስም፤ ጨዋታውን ከታላላቆቹ ተርታ እንዳላስቀምጠው ያደረገኝም እሱ ነው። መዶሻ ማወራጨት፣ መወርወር፣ ተንከባሎ ማምለጥ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ደስ ይላሉ፣ ከዚያ በኋላ ግን እጅ ይለምዳቸውና አእምሮ ሌላ ሐሳብ ይጀምራል። ካርታዎቹ በእያንዳንዱ ዙር በኮምፒዩተር እየተቀመሩ እንደ አዲስ የሚዘረጉ በመሆናቸው ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ደን አያገኝም፤ ይህ በወረቀት ላይ በጎ ነገር ቢመስልም፣ በተግባር ደኑ ሁሉ እርስ በርሱ የሚመሳሰል፣ መንገዱም ብዙ ጊዜ ወደ ባዶ ጥግ የሚያደርስ ሆኗል። ተረት ነገርን እንደሚደጋግም አውቃለሁ፤ ሦስት ወንድሞች፣ ሦስት ፈተናዎች፣ ሦስት በሮች። ነገር ግን ተረት ሲደግም በሦስተኛው ላይ አንዲት ነገር ይለውጣል፣ አድማጩም ያችን ለውጥ እየጠበቀ ነው የሚታገሠው። የዚህ ጨዋታ ንግግሮች በዚህ ጥበብ የተሞሉ ሲሆኑ ውጊያዎቹ ግን አራተኛውንና አምስተኛውን ጊዜ እንደ መጀመሪያው ይደግማሉ። አንድን ጠላት ለማሸነፍ የሠራ ዘዴ ለአብዛኞቹ ይሠራል። ደኑን እንደ አትክልት ስፍራ በአንድ ሰው እጅ ተክለው፣ ጥቂትና የማይረሱ ስፍራዎች ብቻ ቢያደርጉት ይሻል ነበር ባይ ነኝ።

ሥዕሉ በእጅ የተሣለ ነው። ሰዎቹ አፍንጫቸው የተጋነነ፣ ትከሻቸው የጎበጠ፣ ቀለማቸው የጠቆረ ሲሆን የሚያስፈሩና የሚያስቁ በአንድነት ናቸው። ሙዚቃው ግን የበለጠ አስገርሞኛል። የሩማንያን ባህላዊ ዜማ ከሂፕሆፕ ምት ጋር በማዋሃድ የታወቀው «ሱብካርፓጽ» የተባለ የሙዚቃ ቡድን ሥራ ነው፤ ማሲንቆ ከከባድ ከበሮ ምት ጋር ተዋህዶ የሰማ ሰው ስሜቱን በግምት ሊያገኘው ይችላል። በዘመናት ያረጀ ዜማ ባለበት የዛሬ ምት ሲገባ ሊያፈርሰው ይችል ነበር፤ እዚህ ግን ደኑ ሕያው መሆኑን የሚነግረን ያ ምት ነው። ድምፅ አጥፍቶ ይህን ጨዋታ የሚጫወት ሰው ግማሹን አልተጫወተም።

ጨዋታው ሲወጣ በአፕል አርኬድ (የአፕል ኩባንያ በክፍያ የሚያቀርበው የጨዋታ አገልግሎት)፣ በኮምፒዩተር፣ በፕሌይስቴሽን 4፣ በኤክስቦክስ ዋንና በኔንቲዶ ስዊች ቀርቧል። በስልክ ስክሪን ላይ ጣት ራሱ ጠላትን ስለሚሸፍን ጆይስቲክ ያለው በጆይስቲክ ቢጫወት ይመረጣል። በወዳጅ ቤት ተሰብስቦ ለሚጫወት ሰው የሚሆን ነገር አይደለም፤ ንግግሩ ብዙ፣ ቀልዱም በስላቭ ቅላጼ በሚነገር እንግሊዝኛ ውስጥ የተሸሸገ በመሆኑ ብቻን፣ በማታ፣ ረጋ ብሎ መቀመጥን ይጠይቃል። እንግሊዝኛ የሚከብደው ሰው ውጊያው ብቻ ይቀርለታል፤ ለውጊያው ብቻ ደግሞ እንዲገዛው አልመክርም። አንድ ዙር ለጨረሰ ሰው ግን ሁለተኛውን በተቃራኒ ጠባይ እንዲጀምር እመክራለሁ። እኔ የመጀመሪያውን በቅንነት ጨርሼ ሁለተኛውን በጅልነት ስጀምር፣ በመጀመሪያው ዙር በጨዋነት አንገቴን ደፍቼ የሰማሁትን የዛሩን ትእዛዝ በዚህኛው መሃል ላይ አቋርጬ ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቅሁት።