የድሮ ቴሌፉንከን ወይስ አዲስ ጄጄ? የአምፕሊፋየር ቫልቭ ለምትገዙ

ደብረ ብርሃንም ሆነ ሸዋ ሮቢት፣ የአያቱን ራዲዮግራም የሚያስነሳም አዲስ የቫልቭ (ድምፅ የሚያጎላ የመስታወት ቱቦ) አምፕሊፋየር ያስመጣም ሰው የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «የድሮውን ኦሪጅናል ልግዛ ወይስ አዲሱን?» አዲሱን ግዙ።

ስሎቫኪያ የሚሠራው ጄጄ ኢሲሲ83 (ድምፁን መጀመሪያ የሚያጎላው ትንሹ ቫልቭ) አንዱ ከ15 እስከ 25 ዶላር አካባቢ ነው። ያው ቁጥር የድሮ የጀርመን ቴሌፉንከን፣ ያልተነካ ከተባለ፣ 150 ዶላርን ይሻገራል። ለስቴሪዮ ሁለት ሲሆን 300፤ ማጓጓዣና ቀረጥ ገና ነው። የድሮው ሹክሹክታ የለውም፣ በጣት ሲነኩት አይጮኽም፤ ይህ እውነት ነው። ግን ዋጋው አሥር እጥፍ ስለሆነ ድምፁ አሥር እጥፍ አይሆንም። ገንዘብ ተርፎ ካስቸገረ፣ ለፊተኛው ለኢሲሲ83 ብቻ አውጡት፤ እሱ እስከ 10,000 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ስፒከሩን የሚገፋው ኢኤል84 ግን እንደ ጫማ የሚያልቅ ዕቃ ነው። 2,000 ሰዓት ብንለው፣ በቀን ሦስት ሰዓት ለሚያዳምጥ ሁለት ዓመት አይሞላም። ለሱ ጄጄ ይበቃል፤ የሱ አቻ የሆነው የሶቪየቱ ወታደራዊ 6ፒ14ፒ-ኢቪ ከተገኘ ደግሞ ከጄጄም ጠንካራ ነው።

የድሮውን የሚያስጠላው ዋናው ነገር ማጭበርበሩ ነው። መስታወቱ ጎን ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንም ማተም ይችላል። ቴሌፉንከን ከሆነ ገልብጡት፤ በእግሮቹ መሀል መስታወቱ ውስጥ የተቀረጸ የአልማዝ ቅርጽ በጥፍር ይዳሰሳል። ከሌለ በዚያ ዋጋ አትውሰዱት። የእንግሊዙ ሙላርድ ከታች ጎኑ ላይ ደብዛዛ ግራጫ ኮድ አለው፤ ሁለተኛው መስመር በ«ቢ» ከጀመረ የብላክበርን ፋብሪካ ነው። የእውነተኛው የድሮ ሙላርድ ጽሑፍ በረጠበ አውራ ጣት ይለቃል፣ ስለዚህ ታሽቶ የማይለቅ ጽሑፍ ሲያጋጥማችሁ ተጠራጠሩ። አዲስ ካርቶን ላይ «ሙላርድ» የሚለው ደግሞ ሩሲያ ሳራቶቭ የሚሠራ ነው፤ መጥፎ አይደለም፣ ግን በብላክበርን ዋጋ አይገዛም። አናቱ ላይ ያለው የብር ቀለም ዳርዳሩ ቡናማ ሆኖ ከሳሳ ብዙ ሠርቷል፤ ነጭ ከሆነ አየር ገብቶታል፣ ሞቷል። ሻጩ «ለክቼዋለሁ» ካለ ቁጥሩን ጠይቁት፦ ኢሲሲ83 በ250 ቮልት፣ ግሪዱ (ድምፁ የሚገባበት እግር) ኔጌቲቭ 2 ቮልት ሲሆን፣ ከውስጡ ሁለት ግማሾች እያንዳንዱ 1.2 ሚሊአምፒር አካባቢ መስጠት አለበት።

አሁን ወደ ራዲዮግራሙ። ቫልቭ ከመግዛታችሁ በፊት ድምፁን ከፊተኛው ቫልቭ ወደ ኢኤል84 የምታሻግረውን የወረቀት ካፓሲተር እዩ። ካረጀች ቮልት ታሳልፋለች፤ ያኔ ቫልቩ ከመጠን በላይ ከረንት ስቦ ሆዱ እንደ ፍም ቀይ ይሆናል፣ በዚያው ይቃጠላል። አሮጌው ኢኤል84 እንደተሰካ፣ ራዲዮግራሙ በርቶ፣ የቴስተሩን ጥቁር ገመድ ሻሲው (የብረት አካሉ) ላይ፣ ቀዩን የኢኤል84 እግር 2 ላይ አድርጉ። ዜሮ መሆን አለበት። ፖዘቲቭ ካሳየ ቫልቩን ነቅላችሁ ለአጭር ጊዜ ድገሙት፦ ቮልቱ አሁንም ካለ ካፓሲተሯ ናት፣ ከጠፋ ጥፋቱ የቫልቩ ነው። ካፓሲተሯን በዚያው መጠን (ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 22 ናኖፋራድ) ባለ 630 ቮልት ቀይሯት። አዲሱን ስትሰኩ እግር 3 ላይ 7 ቮልት አካባቢ ካነበባችሁ ደህና ነው፤ 10 ካለፈ ቶሎ አጥፉ። ከጠፋ በኋላም ትልልቆቹ ካፓሲተሮች 250 ቮልት ይዘው ስለሚቆዩ ሳታራግፉ እጅ አታስገቡ።

መብራታችንም ዋጋው ውስጥ ይገባል። የፋይለመንቱ (ቫልቩን ውስጡ የሚያሞቀው ሽቦ) 6.3 ቮልት የሚሰላው መስመሩ 220 ሲሆን ነው። ሰፈሩ ምጣድ ሲጥድ ይወርዳል፤ ጋግሮ ሲጨርስ ሽቅብ ይዘላል። 250 ከደረሰ ፋይለመንቱ ላይ 7.2 አካባቢ ይሆናል፤ የሚፈቀድለት ግን 6.9 ድረስ ነው። የቴሌፉንከኑ 150 ዶላር እንዲህ ባለ ማታ ላይ ይቃጠላል። ጄጄ ገዝታችሁ በተረፈው ጥሩ ስታብላይዘር ግዙ። ራዲዮግራሙ ከኋላው የቮልት መምረጫ ካለው ደግሞ ከ220 ወደ 240 አዙሩት፤ ይህ በነፃ ነው።