ቤዝ ይዛችሁ አዲስ አበባ ከመሄዳችሁ በፊት

ይህ የምስጋና ጽሑፍ ነው። በዚያውም ጥቆማ ነው። ደብረ ማርቆስና ዙሪያዋ ሆናችሁ ቤዝ (ወፍራም ድምፅ ያለው ጊታር)፣ ጊታር፣ አምፕ ወይም ሞንታርቦ (ትልቁ ድምፅ ማጉያ) ለተበላሸባችሁ የማሳያችሁ ሰው አለኝ። ስማቸውን ግን አልጽፍም። «ስሜን ስልክ ላይ ያየሁ ቀን ዕቃህን አልነካልህም» ብለውኛል። ሰውየው ደግሞ ያሉትን ያደርጋሉ። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል። ሱቃቸውን ማወቅ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

ነገሩ ከጥር ይጀምራል። ጥር ለእኛ ለሠርግ ሙዚቀኞች ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከጥምቀት በኋላ ጾም እስኪገባ ድረስ ቅዳሜና እሁድ ቤታችን አናድርም። ዛሬ ቢቸና፣ በሳምንቱ ደምበጫ፣ ከዚያ ሞጣ። የዓመቱን የምንለቅመው ያኔ ነው። እና ልክ በዚያ ሰሞን ቤዜ መጮህ ጀመረ። ዝዝዝዝ የሚል፣ አሮጌ ፍሪጅ የዋጠ የሚመስል ድምፅ። ክሩን ብይዘውም ያው፣ ብለቀውም ያው። በዘፈንና በዘፈን መሃል ቮልዩሙን ካልዘጋሁት ሽማግሌ ሲመርቅ እሱም አብሮ ይመርቃል።

ቤዜ አሮጌ ያማሃ ነው። 4 ክር፣ 2 ፒክአፕ (ከክሮቹ ሥር ሆነው ንዝረታቸውን የሚለቅሙት ማግኔቶች)፣ ባትሪ የሌለው። ወደ ውጭ ከሄደ የባንዳችን ልጅ ነው የገዛሁት። «ምነው ባለ 5 አትይዝም?» የሚሉኝ አሉ። አልይዝም። አምስተኛዋ ወፍራም ክር በባዶዋ ስትመታ እስከ 31 ሄርዝ ገደማ ትወርዳለች። የእኔ ወፍራሟ ክር 41 ላይ ነች። የእኛ ሠርግ ቤት ሞንታርቦ 41ንም እያማጠ ነው የሚያወጣት። ከዚያ በታች ያለው ሕዝቡ ጋ ሲደርስ የበር መንኳኳት እንጂ ኖታ አይደለም። ስቱዲዮ የሚሠራ ሰው ይያዘው፣ አልቃወምም።

ባትሪ ያለውንም አልወደውም። አንድ ጓደኛዬ ከልምምድ በኋላ ኬብሉን ሳይነቅል ሳምንቱን ሙሉ ትቶት ከረመ። ኬብሉ እስከተሰካ ድረስ ባትሪው እየሠራ ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው ልብ አይልም። ቅዳሜ ሙሽሮቹ በር ላይ ደርሰው፣ ሰው ሁሉ ተነሥቶ፣ ቤዙ እያነከሰ እያነከሰ ጠፋ። 9 ቮልት ባትሪ በዚያ ሰዓት ከየት ይመጣል? እኔ የምፈልገው ክሩን ስነካው የሚጮህ፣ ሳልነካው ዝም የሚል ቤዝ ነው። ችግሩ፣ በጥር ወር ሁለተኛው ነገር ቀረ።

ጾም እንደገባ አዲስ አበባ ወሰድኩት። ስሙን የማልጠራው አንድ ቤት «ፒክአፑ ሞቷል» አለኝ። ሁለቱንም ቀየሩልኝ። የሁለት ሠርግ ገንዘቤን ከፈልኩ። እዚያው በትንሽ አምፕ፣ ድምፁን ዝቅ አድርገው አሰሙኝ። ጥሩ ነው አልኩና ወጣሁ። ችኩል ነኝ። የድሮዎቹን ፒክአፖች ስጡኝ ማለት እንኳን ትዝ አላለኝም።

ስመለስ ደግሞ ሌላ ጥፋት አጠፋሁ። ቤዙን በጨርቅ ቦርሳው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጫንኩት። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወደ ዓባይ፣ ከዓባይ ሽቅብ ወደ ደጀን፣ በእኩለ ቀን። የዓባይን በረሃ ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ ውስጥ ተቀምጬ መስኮት ክፈቱ እያልኩ፣ ምስኪኑ እንጨት ላይ ይጠበሳል። ቤቴ ደርሼ ስሰካው ጩኸቱ እንደነበረ ነው። በላዩ ላይ አንገቱ ዞሮ፣ ከመጀመሪያው እስከ አምስተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) የያዝኩት ሁሉ ክሩ ከብረቱ ጋር እየተፋጨ ይንጫጫል።

«ጋሼ ጋ ውሰደው» ያለኝ የባንዳችን ማሲንቆ መቺ ነው።

«ሬዲዮ ጠጋኙ?»

«ክራርም ይሠራሉ።»

ሳቅሁ። እውነቱን ልናገር፣ ቤዝ የማይጫወት ሰው ቤዜን አይነካብኝም የሚል ሕግ ነበረኝ። ግን ኪሴም ባዶ ነበር። ሄድኩ።

ሱቃቸው ከአንድ አልጋ ብዙም አትሰፋም። ግድግዳው ሬዲዮ በሬዲዮ ነው። ብሎን በወተት ጣሳ፣ ሽቦ በከረጢት። ጥግ ላይ ጅማት ያልገባለት በገና ቆሟል። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው «ወዲህ በለው እስቲ» አሉ። እንደሌላው ሰው ወዲያው ካቻቢቴ አላነሡም። አምፕ ላይ ሰኩት፣ ቮልዩሙን እስከ መጨረሻው ከፈቱት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡት።

«ክሩን ያዝ።» ያዝኩ። ያው ነው።

«አሁን ይችን ብረት ንካ» አሉኝ ኬብሉ የሚሰካበትን እያሳዩ። ነካሁ። ጩኸቱ ከግማሽ በላይ ወረደ።

«ልቀቅ። ክሩን።» ተመልሶ ጮኸ።

አምፑን አጠፉት። «ልጄ፣ ይሄ አልታመመም። ተቆርጧል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሮቹ ብሪጁ በሚባለው፣ ሆዱ ላይ ባለው ብረት ላይ ያርፋሉ። ከብሪጁ ሥር አንዲት ቀጭን ሽቦ ወደ ውስጥ ገብታ ከኬብሉ ምድር (ግራውንድ) ጋር ታገናኛቸዋለች። እሷ ደህና ስትሆን፣ ክሩን በያዝክ ቁጥር ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ሰውነትህ ከአየር የሚለቅመው ሁሉ በዚያች ሽቦ በኩል ይወርዳልና። እሷ ከተበጠሰች ክሩን መያዝህ ምንም አይጠቅምም። ጋሼ ብሪጁን ፈትተው ገልበጥ ሲያደርጉት ሽቦዋ ጫፏ ጠቁሮ፣ እንደ ተቃጠለ ክብሪት ተሰብራ ተኝታለች። «ላብህ ነው የበላት» አሉኝ። ከሥሯ ያለውን ዝገት በምላጭ ፋቁት። አዲስ ሽቦ ቆርጠው አንዱን ጫፍ ውስጥ በየዱት፣ ሌላውን ጫፍ ልጠው እንደ መጥረጊያ በትነው ብሪጁን መልሰው አሰሩበት። ሰካሁት። ክሩን ያዝኩ።

ዝም አለ።

ሁለት ፒክአፕ ያስቀየረኝ በሽታ ከጣቴ የማትረዝም ሽቦ ነበረች። «ታዲያ ፒክአፖቹ ደህና ነበሩ ማለት ነው?» አልኳቸው። «አምጣቸውና ልለካልህ» አሉ። የሉም አልኩ። ምንም አላሉም። ዝም ብለው አዩኝ። እሷ እይታ ከከፈልኩት ብር በላይ አመመችኝ።

ስለ አንገቱ ስነግራቸው ደግሞ በባዶ ክር፣ ከዚያ ይዘው፣ ደጋግመው መቱት። ፈገግ አሉ። «በገና ቢሆን ያማረ ነበር» አሉ። እውነት ነው። በገና ላይ እንዚራ የምትባለዋ ቁራጭ ቆዳ በጅማቱና በብርኩማው መሃል የምትገባው ሆን ተብሎ ነው፣ ያ የሚነዝር ድምፅ እንዲመጣ። እዚያ ጌጥ የሆነው እዚህ በሽታ ሆነ። ከአንድ ሰው አፍ ስለ ቤዝ የሰማሁት ትልቁ ነገር ይሄ ሳይሆን አይቀርም፣ የተናገሩት ግን ለቀልድ ነው።

ቤዝ አንገት ውስጥ የብረት ዘንግ አለ። የክሮቹን ጉተታ የሚቋቋመው እሱ ነው። ጋሼ ክሩን መጀመሪያው ፍሬት ላይና መጨረሻው ላይ አስያዙኝና፣ ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በብረቱ መሃል ሁለት ላይ የታጠፈች የሎተሪ ቲኬት ለማስገባት ሞከሩ። አልገባችም። አንገቱ ወደ ኋላ ሄዷል ማለት ነው። ዘንጉን ሩብ ዙር ብቻ አላሉና ሥራ ጨረስኩ አሉ። «በቃ?» ስላቸው «ነገ» አሉ። በነጋታው ሌላ ሩብ። በሦስተኛው ቀን የሎተሪዋ ቲኬት ገባች። እኔ ብሆን በአንድ ቀን አንድ ሙሉ ዙር አዙሬ ሰንጥቄው ነበር። እንጨት ቀስ ብሎ ነው የሚሰማው ይላሉ፤ ይሄን ከክራር ነው ያወቁት።

በመሃል አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ አፈርኩ። አሁን ሁላችንም የምንይዘውን ዓይነት ቤዝ እ.ኤ.አ. በ1951 ለገበያ ያወጣው ሊዮ ፌንደር ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ነበረው። ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። ይሄን ለስንት ዓመት አውቀዋለሁ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ለስንቱ አውርቻለሁ። ጋሼ በር ላይ ስደርስ ግን ጠፋብኝ። ለእሳቸውም ነገርኳቸው። «ታዲያ ማን ይሥራው ኖሯል?» አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ከመሄዴ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። እናንተም ስሙት፣ በተለይ እየተጫወታችሁ የምትዘፍኑ። አሁን ክሮችህ ከአምፑ አካል ጋር ተገናኝተዋል አሉኝ። አምፑ በአንድ ሶኬት፣ ሚክሰሩ በሌላ ሶኬት ከሆነና አንዱ ምድር ሽቦ ከሌለው፣ ክሩን ይዘህ ማይክሮፎኑን በከንፈርህ ስትነካ ኤሌክትሪኩ ያገኝሃል። ከዓመታት በፊት አንድ ሠርግ ላይ አግኝቶኛል፣ ከንፈሬ ለሁለት ቀን ደንዝዞ ነበር። ያኔ ቤዙን ነበር የረገምኩት። መፍትሔው ሁሉንም ደህና ምድር ሽቦ ካለው ከአንድ ሶኬት መውሰድ ነው። ባለሁለት ሽቦዋን ርካሽ ማከፋፈያ መጣል ነው።

ሒሳብ ስጠይቃቸው 500 ብር አሉ። የሽቦው ነው። ለአንገቱ አላስከፈሉኝም። «ማላላት ምን ሥራ ነው» ይላሉ። እዚህ ላይ አልስማማም፣ ሥራው እሱ ነው። ከፍ አድርጌ ብሰጣቸው መልሱን ቆጥረው እጄ ላይ አስቀመጡት።

ከፋሲካ በኋላ፣ ዳግም ትንሣኤ፣ ፍኖተ ሰላም ሠርግ ነበረን። እዚህ ላይ ትንሽ ወሬ ልጨምር፣ ኪቦርዲስቶች አትቀየሙኝ። አሁን አሁን ደጋሽ ወጪ ለመቀነስ መጀመሪያ የሚቆርጠው ቤዚስቱን ነው። «ቤዙን በግራ እጄ እይዘዋለሁ» የሚል ኪቦርዲስት አይጠፋማ። ይይዘዋል፣ እውነት ነው። ግን ችክችካ ምት ላይ ሁሉንም ቦታ ይሞላዋል። የጎጃም እስክስታ ትከሻ የሚሰበረው ቤዙ ዝም ባለባት ቦታ ነው። እሷን ቦታ መተው ነው ሙያው። ከልጅነቴ ጀምሮ ካሴት ስሰማ፣ ሰው ማሕሙድ አሕመድን ሲከተል እኔ የምከተለው ጆቫኒ ሪኮን ነበር፤ በአይቤክስም በኋላ በሮሃ ባንድም ቤዙን የያዘው እሱ ነው። ዋልያስ ባንድን ስሰማም ቤዚስቱን መላከ ገብሬን። ሁለቱም ምን እንደሚመቱ ብቻ ሳይሆን ምን እንደማይመቱ ያውቃሉ። ቤዝ የሚጀምር ልጅ ምን ልግዛ ሲለኝ መጀመሪያ እነሱን ስማ ነው የምለው። ዕቃው ይደርሳል።

ወደ ሠርጉ ልመለስ። መብራት ስለሌለ በጄኔሬተር ነበር የምንሠራው። ቤዜን ሰካሁ፣ ቮልዩሙን ከፈትኩ፣ ቆምኩ። ሳውንድ ማኑ ከሚክሰሩ ጀርባ ብቅ ብሎ አየኝ። ኬብሉን እየተከተለ መጣ። ጎንበስ ብሎ ጃኩን ነካካው።

«ተሰክቷል?» አለኝ።

«ተሰክቷል።»

«ታዲያ ለምን አይጮህም?»

ጥር ላይ አብሮን ስለሠራ የለመደው ጩኸቱን ነው። ወፍራሟን ክር አንድ ጊዜ መታኋት። ደንግጦ ወደ ሚክሰሩ ሮጠ።

እንግዲህ ለመሄድ ላሰባችሁ ጥቂት ነገር ልበል። ጋሼ ስልክ አያነሡም፣ በአካል ሂዱ። በ12፣ በ21 እና በ27 ሱቁ ዝግ ነው፣ ሚካኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔዓለም። የእሁዱን አልነግራችሁም። «ነገ» ካሉ ነገ ላይሆን ይችላል፣ ለሠርግ ዋዜማ አታድርሱት። ራሳችሁ ከፍታችሁ የነካካችሁትን ዕቃ ከወሰዳችሁ ደግሞ ስድብ አለ፣ ተዘጋጁ። እኔ የአንድ ቮልዩም ቁልፍ ብሎን ስለጠፋብኝ ብቻ ሩብ ሰዓት ተሰድቤአለሁ።

አሮጌ የቤዝ ክር ካላችሁ አትጣሉት፣ ይዛችሁላቸው ሂዱ። ትልቅ ቤዝ ክራር እየሠሩ ነው። የእኔን አራቱንም ሰጥቻቸዋለሁ፣ ሁለቱ አጠሩባቸው።