የክኒን ሽፋን በዩኤስቢ ማይክሮስኮፕ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

የማይክሮስኮፑ ካርቶን ላይ «1000 እጥፍ ያጎላል» ይላል። አትመኑት፤ የዕቃው አቅም ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ያም ሆኖ ደብረ ማርቆስ ላይ ለፋርማሲ ተማሪዎቼ ብዬ ከገዛሁት ወራት አልፈዋል፣ እስካሁን ከእጄ አልወጣም።

ክኒኑን በአዲስ ምላጭ መሀል ለመሀል እቆርጠዋለሁ። የደነዘ ምላጭ ሽፋኑን ይቦጭቀውና ወፍራም ያስመስለዋል። ግማሹን ለስላሳ ሰም ላይ አቁሜ ፎቶ አነሳለሁ፤ ከዚያ የሽፋኑን ውፍረት ኢሜጅጄ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር እለካለሁ። ከሁሉ በፊት ግን 1 ሚሊሜትር በ100 የተከፈለበት የመለኪያ ስላይድ ያስፈልጋል። ማጉያውን በነካችሁ ቁጥር እሱን መልሳችሁ ፎቶ አንሱ። ያለዚያ የምታገኙት ቁጥር ግምት ነው።

እኔ በምሠራበት ማጉላት 1 ፒክስል፣ ማለትም የፎቶው አንዷ ነጥብ፣ 2 ማይክሮሜትር ያህል ነው (ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው)። ጨጓራ ውስጥ እንዳይሟሟ ለተሸፈነ ዳይክሎፌናክ (የሕመም ማስታገሻ) ይህ ይበቃል። ሽፋኑ 100 ማይክሮሜትር ቢሆን 50 ፒክስል አለን፤ ሁለት ፒክስል ብንስት ብዙ አይጎዳም። ምሬት ለመደበቅ የተቀባ የ30 ማይክሮሜትር ስስ ሽፋን ላይ ግን ያው ሁለት ፒክስል ከ10 በመቶ በላይ ያስታል። ለዚያ ሥራ አልመክረውም።

በጣም የወደድኩለት ጠርዙን ማሳየቱን ነው። ፊቱ ላይ ደህና የወፈረው ሽፋን ጠርዙ ጋ ሲደርስ ሳሳ ይላል። የጨጓራ አሲድ ቀዳዳ ካገኘ የሚገባው በዚያ ነው። አማካይ ብቻ የሚጽፍ ሰው ይህን አያይም። ስለዚህ ፊቱን፣ ጠርዙንና ጎኑን ለየብቻ እንመዘግባለን።

መቆሚያው ደካማ ነው፤ ጠረጴዛው ሲነካ ምስሉ ይደበዝዛል። የራሱ መብራት የሚያብረቀርቅ ሽፋን ላይ ነጭ ነጥብ ይጥላል። እሱን ቀንሼ በስልኬ ባትሪ ከጎን አበራለሁ። ነጭ ሽፋን ነጭ ክኒን ላይ ሲሆን ድንበሩ አይለይም። በሐምሌ ርጥበት ደግሞ ክኒኑን ከስትሪፑ (ከታሸገበት ልጣጭ) የምናወጣው ልንቆርጠው ስንል ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ በላፕቶፑ ባትሪ መሥራቱ ግን ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

ዋናው ጉድለቱ ክኒኑን ማስቆረጡ ነው። በቴራኸርዝ ሞገድ ምስል የሚያነሳ መሣሪያ ሳይቆርጥ ሽፋኑን ዙሪያውን ይለካል፤ ያንኑ ክኒን ቀጥሎ ሽፋኑ ጨጓራን ይቋቋም እንደሆነ ለ2 ሰዓት አሲድ ውስጥ መፈተን ይቻላል። እኛ አንዱን ለክተን ከዚያው ስትሪፕ ሌላውን ነው የምንፈትነው። አሲድ ውስጥ የተሰነጠቀው ክኒን ሽፋኑ የቱ ጋ ሳስቶ እንደነበር ይህ ዕቃ አይነግረንም።