የ10 ቀኑ የጉበት «ዲቶክስ» እሽግ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ

በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ «ጉበት ያጸዳል» ተብሎ የሚቀርበው የአጭር ጊዜ ማሟያ ስሙና ሥዕሉ ይለያይ እንጂ ውስጡ ተቀራራቢ ነው። ከ7 እስከ 10 ቀን የሚዋጡ እንክብሎች ሲሆኑ በአብዛኛው ሚልክ ቲስል (እሾሃማ ዕፅ ነው)፣ እርድ፣ የአረንጓዴ ሻይ ኤክስትራክት (ጭምቅ) እና አርቲቾክ የተባለ አትክልት ይይዛሉ፤ አንዳንዶቹ ሰናመኪም ይጨመርባቸዋል። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ ጉበትን እንደሚያጸዳ የተረጋገጠ እንክብል የለም። ጉበት መርዙን በራሱ ኢንዛይሞች ለውጦ በሐሞትና በሽንት ያስወጣል። ጤነኛ ሰው እሽጉን ለአጭር ጊዜ በልክ ቢወስደው ብዙውን ጊዜ ጉዳት አይደርስበትም። ጣጣ የሚያመጣው መጠኑን ሳያዩ መዋጥ፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር መደባለቅና ሁለተኛ እሽግ መድገም ነው።

ከይዘቶቹ ሁሉ የተሻለው ሚልክ ቲስል ነው። ፊት ለፊት በትልቁ «1000 ሚሊግራም» የሚለው ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ የፍሬውን ዱቄት ልክ ነው የሚናገረው፤ የሚፈለገው ግን በውስጡ ያለው ሲሊማሪን የተባለው ዋና ንጥረ ነገር ነው። ጀርባው ላይ መቶኛውን ፈልጉ። 175 ሚሊግራም ኤክስትራክት 80 በመቶው ሲሊማሪን ከሆነ አንዱ እንክብል 140 ሚሊግራም ይሰጣል፤ በቀን 3 ጊዜ ሲወሰድ 420 ሚሊግራም ይሆናል፤ የተለመደው መጠንም ይኸው ነው። ሁሉንም ዕፅ በአንድ ድምር ጠቅልሎ የእያንዳንዱን መጠን የማይጽፍ እሽግ ከሆነ አትግዙት። ሚልክ ቲስል ከኑግ፣ ከሱፍና ከአደይ አበባ ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆነ እነዚህ የሚያሳክኩት ሰው ይተወው። ስኳርንም ሊያወርድ ስለሚችል ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የተባለውን የስኳር እንክብል የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር።

ጠንከር ብለን የምናስጠነቅቀው በአረንጓዴ ሻይ ኤክስትራክት ላይ ነው። ሻዩን አፍልቶ መጠጣት ሌላ፣ ተጨምቆ በእንክብል የመጣው ሌላ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምገማ፣ ኢጂሲጂ የተባለው የአረንጓዴ ሻይ ንጥረ ነገር በማሟያ መልክ በቀን 800 ሚሊግራም ሲደርስ በደም ውስጥ የጉበት ኢንዛይም ከፍ ማለት (ጉበት የመጎዳቱ ምልክት) እንደታየ ገልጿል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 500 ሚሊግራም ኤክስትራክት 45 በመቶ ኢጂሲጂ ካለው አንዱ እንክብል 225 ሚሊግራም ነው፤ አራቱ 900 ሚሊግራም ሆኑ፣ ወሰኑን አለፉ። በባዶ ሆድ ሲዋጥ ደግሞ ወደ ደም የሚገባው ይጨምራል። እንደ ጎጃም ያለ፣ ሰው እስከ 9 ሰዓት በሚጦምበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ጧት በባዶ ሆድ መዋጥ ከሁሉ የከፋው አወሳሰድ ነው። በዐቢይ ጦም አትጀምሩት። በሌላ ጊዜም የሚዋጠው ከምግብ ጋር ነው። ጦም ካነሣን አይቀር፣ የእንክብሉ ልባስ «ጄላቲን» ከሆነ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የተሠራ ነው፤ «ሃይፕሮሜሎስ» የሚል ከሆነ ግን ከዕፅዋት ነው።

እርዱም ከአልጫው እርድ የተለየ ነው። በእንክብሉ ውስጥ ኩርኩሚን የተባለው የእርድ ንጥረ ነገር ተጠናክሮ ይገኛል፤ ከቁንዶ በርበሬ የሚወጣ ፒፐሪን ሲታከልበት ሰውነት የሚቀበለው መጠን በብዙ ያድጋል፤ በዚህ ዓይነት ውህድ ጉበታቸው የተቆጣ ሰዎች በተለያዩ አገሮች ተመዝግበዋል። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ በመሆኑ፣ እሽጉ ሲያልቅ መተው እንጂ መድገም አይገባም። የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው እርድና አርቲቾክ ያለበትን አይንካ፤ ሐሞቱን ጨምቀው ሕመሙን ሊቀሰቅሱበት ይችላሉ። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድም እርዱን ይተው፤ ደም መፍሰስ ሊያመጣበት ይችላል።

ነፍሰ ጡር፣ አጥቢ እናትና የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጀመረ ሰው ጭራሽ አይውሰዱት። የነቀርሳው መድኃኒቶች አይሶኒያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድ ራሳቸው ጉበትን ስለሚፈትኑ፣ ኢንዛይሙ ከፍ ቢል ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ መለየት ይቸግራል። ዶሉቴግራቪር የተባለውን የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ እሽጉ ብረት፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም ወይም ዚንክ ካለው ፋርማሲስቱን ይጠይቅ፤ መድኃኒቱ ከማሟያው 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ካልተዋጠ ኃይሉ ሊቀንስ ይችላል። ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ «የወፍ በሽታ ያዘኝ» የሚል ሰው ቦታው ሆስፒታል ነው፤ በዲቶክስ የሚያባክነው ቀን የለውም።

ለመውሰድ ከወሰናችሁ መጀመሪያ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራና የጉበትን ሁኔታ የሚያሳዩትን የደም ምርመራዎች፣ ኤኤልቲ፣ ኤኤስቲና ቢሊሩቢን ተሠሩ። ገንዘባችሁ ከእሽጉና ከምርመራው ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ያለማመንታት ምርመራውን ምረጡ፤ ሄፓታይተስ ቢ ያለ ምልክት ለዓመታት ጉበት ይበላል። ከዚያ ሚልክ ቲስል ብቻውን ያለበትን ግዙ። በየቀኑ ውኃ በደንብ ጠጡ፤ አረቄ፣ ጠላና ጠጅ አቁሙ፤ ፓራሲታሞልም ከታዘዘላችሁ በላይ አትውሰዱ። በ10ኛው ቀን ቀለል ቢላችሁ በእኛ ግምት ምስጋናው የአረቄው መቆም ነው።

በመጨረሻው ሌሊት የእንግሊዝ ጨው፣ የወይራ ዘይትና ሎሚ ጠጡ የሚል መመሪያ ካለው ያንን ክፍል ዝለሉት። በማግሥቱ የሚወጣው አረንጓዴ እብጥብጥ ጠጠር አይደለም፤ ዘይቱ ሆድ ውስጥ ወደ ሳሙናነት ተለውጦ ነው። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ደግሞ የጨው ማግኒዚየም አደገኛ ነው። ሰናመኪ ያለበት እሽግም ሆድ ከማስቀመጥና ፖታሲየም ከማጉደል በቀር ለጉበት የሚሠራው የለም።

ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ፣ ቆዳ ካሳከከ፣ ማቅለሽለሽ ከበረታ ወይም ከቀኝ ጎድን በታች ካመመ ያን ቀን አቁሙ። እሽጉን ከነካርቶኑ ይዛችሁ ፈለገ ሕይወት ወይም በአቅራቢያችሁ ያለ ሆስፒታል ሂዱ፤ ሐኪሙ ይዘቱን ማየት አለበት። የመለያ ቁጥሩንም ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ መስመሩ 8482 አስታውቁ።