አሳይቶ ሌላ የሚጠቀልል ነጋዴ፦ ለወሊድ ሞዴስ ለምትገዙ የጎንደር እህቶቼ

ይህን የምጽፈው በወለድሁ በስምንተኛው ቀን፣ ከሱቁ ተመልሼ ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላኝ ነው። እናቴ «አራስ አይናደድም፣ ወተትሽ ይደርቃል» እያለች አጥሚቱን ደጋግማ ታቀርብልኛለች፤ እኔ ግን ጽፌ ካልጨረስሁ አጥሚቱም አይወርድልኝም።

አራዳ አካባቢ ካሉት የኮስሞቲክስ ሱቆች ገብታችሁ የምታውቁ ሁሉ ሰውየውን ታውቁታላችሁ። ቅባቱን፣ ሻምፖውንና የሕፃን ዳይፐሩን እስከ ጣሪያው ደርድሮ «ግቢ እህቴ፣ ምን ልስጥሽ» የሚል፣ ሞዴስ ስትጠይቁት ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በጋዜጣ ጠቅልሎ በጥቁር ፌስታል የሚያስረክብ ነው። ይህንን መጠቅለል ጨዋነት ነው ብዬ ነው ያደግሁት። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ባለሱቁ ሳይጠቀልል ቢሰጠኝ አልቅሼ ወደ ቤት የምመለስ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝም ያው ነኝ።

በእርግዝና ክትትል ጊዜ ሲስተሯ ወፍራም፣ ረጅምና ሽታ ያልተጨመረበት ሞዴስ ሁለት ሦስት እሽግ ይዤ እንድመጣ ነግራኝ ነበር። ምክንያቱንም አስረድታኛለች፦ የእንግዴ ልጁ ከማሕፀን ሲላቀቅ የነበረበት ቦታ እንደ ቁስል ሆኖ ስለሚቀር፣ በምጥም ሆነ በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ሁሉ ትደማለች፤ ደሙ በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ደማቅ ቀይና ብዙ ሆኖ፣ ከዚያ ወደ ሮዝና ቡናማ እየቀጠነ፣ በኋላም ወደ ነጣ ያለ ቢጫ እየተለወጠ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። ለወር አበባ የሚበቃው ሞዴስ ለእነዚያ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አይበቃም። ይህን ሁሉ በሚገባ ሰምቼ፣ ገብቶኝ፣ ዘጠነኛ ወሬን ይዤ እያለከለክሁ ወደ ሱቁ ሄድሁ፤ ሳይነገረኝ ቀርቶ ነው የተታለልሁት ብዬ እንኳ ራሴን ማጽናናት አልችልም።

ሰውየው የጠየቅሁትን ወዲያው ተረዳ። ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ትልቅ ሐምራዊ እሽግ አወረደ፤ ለማሳያ የተከፈተ አንድ ሞዴስም እጄ ላይ አኖረልኝ። ከመሐል ጣቴ ጫፍ ተነሥቶ ክርኔ ሊደርስ ጥቂት የቀረው፣ እንደ ትንሽ ትራስ የሚለሰልስ ነበር። «ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ሚስቴም በዚሁ ነው የወለደችው፤ አንዱን አድርገሽ ሌሊቱን ሙሉ ትተኛለሽ» አለኝ። አንዱ እሽግ 450 ብር ነው፤ ሦስት ፈለግሁና 1,350 ብር በቴሌብር ላክሁለት። ደረሰኝ አልጠየቅሁም፤ ገንዘቡ የገባው በሱቁ ስም ሳይሆን በሰው ስም መሆኑን እንኳ ያስተዋልሁት ዛሬ ነው።

ልክ በዚያች ሰዓት ሁለት ወጣቶች የፀጉር ቅባት ሊገዙ ገቡ። እኔም ምን አደረግሁ? ፊቴን አዞርሁ። የማላነበውን የሻምፖ ጽሑፍ እንደማነብ ሆኜ ቆምሁ። ሰውየው በዚህ መሐል ጎንበስ ብሎ እጁን ከባንኮኒው ሥር ሰደደ፤ የጋዜጣው መንኮሻኮሽ ተሰማኝ፤ ዞር ስል ሦስቱም ተጠቅልለው በጥቁር ፌስታል ገብተው ፌስታሉ ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ ያሳየኝ ሐምራዊ እሽግ ባንኮኒው ላይ ካስቀመጠበት ቦታ ንቅንቅ አላለም ነበር። በዓይኔ አይቼዋለሁ። «ከሥር ሌላ ይኖረዋል» ብዬ ለራሴ መልስ ሰጥቼ ፌስታሉን አንጠለጠልሁ። ስወጣም «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብሎ መረቀኝ፤ እኔም እጅ ነሥቼ «አሜን» አልሁ።

ፌስታሉ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደተቋጠረ በሻንጣዬ ውስጥ ቆየ። እናቴ አሮጌ ነጠላ አጥባ፣ ተኩሳ፣ በአራት በአራት አጥፋ «ይህንንም ያዢ» ስትለኝ «እማዬ፣ በዚህ ዘመን?» ብዬ ሥቄባታለሁ። ይህንንም ልጻፈው፤ ደብቄ ምን አተርፋለሁ።

ልጄ የተወለደችው ማታ ነው፤ ትንሽ ተቀድጄ ስለነበር ተሰፍቻለሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እህቴ ሞዴስ ልትቀይርልኝ ቋጠሮውን በጥርሷ ጭምር ፈታችው። ከጋዜጣው ውስጥ ያው ሐምራዊ ቀለም፣ ያው የአበባ ሥዕል ወጣ፤ እሽጉ ግን ካየሁት በግማሽ ያነሰ ነው። ስትቀደው የሳሙና ዓይነት ሽቶ ክፍሉን ሞላው፤ በውስጡ የነበረው ከመዳፌ ብዙም የማይበልጥ፣ ሴቶች በደኅና ቀን ለፈሳሽ የሚያደርጉት ስስ ነገር ነበር። ሁለተኛውም ያው ነው፤ ሦስተኛውን አልከፈትነውም፤ በእጅ ሲዳሰስም ያስታውቃል። ሌላ ስላልነበረን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን አስቀመጥናቸው።

ሃያ ደቂቃ አልሞላም፣ ደሙ አልፎ አንሶላውን አራሰው። ለክትትል የመጣችው አዋላጅ ነርስ ገልጣ ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ከእንብርቴ በታች ሆዴን በኃይል ጫን ጫን እያደረገች ማሕፀኔን ፈተሸች፣ ሌላ ነርስ ጠራች፣ የደም ግፊቴንና የልብ ምቴን ለኩ። በኋላ እንዳስረዳችኝ ደኅና ወፍራም ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከራሰ የአደገኛ መድማት ምልክት ነው፤ እነርሱም የሚወርደውን ደም የሚገምቱት ሞዴሱን አይተው ነው። የእኔ ማሕፀን ግን ጠንክሮ ስለተገኘ ቆም ብላ፣ የራሰውን ነገር በጓንቷ ሁለት ጣቶች አንሥታ ወደ መብራቱ አስጠጋችው።

«ይኼ ምንድን ነው? ማን ነው ለአራስ ይኼን የገዛው?»

«እኔ ነኝ» አልኋት። ምጡ ሲጠናብኝ ያልወጣኝ እንባ ያን ጊዜ ወጣ።

ያን ሌሊት ያሳለፍሁት በዚያ በሣቅሁበት ነጠላ ነው፤ እናቴ ሳታስፈቅደኝ ከሕፃኗ ልብስ ሥር ጠቅጥቃው ኖሯል። ሲነጋ ባለቤቴ ከአንድ ፋርማሲ ትክክለኛውን ገዝቶ መጣ፤ ውስጡ የሚታይ፣ ሽታ የሌለው፣ ዋጋውም ከዚያኛው በጣም ያነሰ ነበር። በሽቶ የተነከረው ስስ ነገር የነካው የስፌቴ ዙሪያ ግን ለሦስት ቀን ሲያቃጥለኝ ሰነበተ።

ዛሬ ለምርመራ ሄጄ ስመለስ ባጃጁን ሱቁ በር ላይ አስቆምሁት። እናቴ ሕፃኗን ታቅፋ ውስጥ ቀረች። ሰውየው አላወቀኝም፤ ወይም ያላወቀ መሰለ። ነገሩን በትሕትና አስረዳሁት፤ ገንዘቤን ባይመልስ እንኳ ያሳየኝን ዕቃ እንዲለውጥልኝ ጠየቅሁት። «እህቴ፣ እኔ የሴት ነገር በምን አውቃለሁ? ልጅቷን ጠይቂያት» አለኝ። በገዛሁ ዕለት ሚስቱ በምን እንደወለደች የሚተርክልኝ ሰው ዛሬ የሴት ነገር አያውቅም! በሱቁ የምትሸጠው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል «የተከፈተ አይመለስም» አለች። ያልተከፈተውን ሦስተኛውን እሽግ ሳወጣ ደግሞ «እሱ ከእኛ መገዛቱን በምን እናውቃለን? ደረሰኝ አለሽ?» ብላ ፈገግ አለች።

ያን ጊዜ ንዴቴ አሸነፈኝና ከተከፈተው እሽግ አንዱን ስስ ሞዴስ አውጥቼ ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁት። ሰውየው እንደ እሳት ብልጭ ብሎ ጋዜጣ ጣለበትና «ኧረ ነውር ነው! ሰው ፊት!» ብሎ ጮኸ። በሱቁ የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩኝ። እኔም፣ ይህን ስጽፍ ጥርሴን ነክሼ ነው፣ በገዛ እጄ አጣጥፌ ወደ ፌስታሉ መልሼ ከተትሁትና ወጣሁ። ባጃጁ ውስጥ እናቴ «መለሰልሽ?» ስትለኝ የምመልስላት አጣሁ።

እንግዲህ የምትገዙ ሁሉ፣ ከመጠቅለሉ በፊት እዚያው ባንኮኒው ላይ አስከፍታችሁ፣ ዳስሳችሁና አሽትታችሁ ግዙ፤ ሲጠቀልልም እጁን እያያችሁ ቁሙ። ነጋዴ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተደንግጓል፤ ጠይቁ። ወደ ብልት ውስጥ የሚገባውን ዓይነት ቢያቀርብላችሁ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ስለሚችል እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ እንዳትነኩት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየሦስት አራት ሰዓቱ ቀይሩ። ወፍራሙን አድርጋችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከራሰ፣ ከእንቁላል የሚተልቅ የረጋ ደም ከወጣ፣ ወይም መጥፎ ሽታና ትኩሳት ከመጣ ግን በሞዴሱ ሳታሳብቡ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ ሌሊትም ቢሆን።